በነሐሴ ሦስቱን ቅዳሜዎች በዕድራችን አዳራሽ፣ ስለ ስደተኞች መብት በተነጋገርንበት ስብሰባ ላይ ለነበራችሁ ሁሉ

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከግቢ ስትወጣ አየሁና ሳልጽፍላችሁ መዋል አልቻልኩም። እናቷ ጻፊ ብላኛለች፤ ስማችንን ብቻ አታንሺ ነው ያለችው።

አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከኤርትራ መጥታ እኔ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው። አምና ልታስመዘግባት ሄዳ "በስደተኛ መታወቂያ አንመዘግብም፣ የቀበሌ አምጪ" ብለው መለሷት። እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ በር ላይ ቆማ ትጠብቅና፣ ደብተራቸውን ተቀብላ እያየች ፊደሉን በጣቷ አቧራው ላይ ትጽፍ ነበር። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ወዲያው ያጠፋባታል። እንደገና ትጽፋለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሕግ ባለሙያው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን ከፍቶ፣ ስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ልክ እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ የመማር መብት እንዳለው አነበበልን። የሰፈራችን ልጅ በትግርኛ ደገመው። "እስቲ አንዴ ድገመው" አለች እናትየው። ደገመው። እጇን አውጥታ "ታዲያ ልጄን ለምን መለሷት?" ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሰኞ ጠዋት ባለሙያው የአዋጁን ኮፒ ይዞ፣ የዕድራችን ጸሐፊም ሥራውን ትቶ አብረዋት ሄዱ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመዘገበች። አንድ ዓመት ያለቀሰችበት ጉዳይ!

እኔ ራሴ ብዙ ነገር የሰማሁት እዚያ ነው። ትንሹ ልጅ እዚሁ አዳማ ነው የተወለደው፣ ግን የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ ስደተኛ አይመዘገብም ሲባል ሰምታ ተወችው። ድሮ እውነት ነበር። ሕጉ በ2009 ተሻሽሎ በ2010 የስደተኞች ምዝገባ ተጀምሯል። ወረቀቱ ዜግነት አይሰጥም፣ ልጁ የትና ከማን እንደተወለደ ግን ማስረጃ ነው፤ በዘጠና ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባል፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። ባንክ ሂሳብ መክፈት እንደሚችሉም ብዙዎቹ ስደተኞች አያውቁም ነበር፣ የእንጀራ መሸጫ ብሯን ፍራሽ ሥር የምታስቀምጥ ነበረች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከበደኝ። ከየመን የመጡ አንድ አባት ተነስተው፣ "ፕሮሰስህን አፋጥናለሁ" ላለ ደላላ 20 ሺህ ብር መስጠታቸውን ተናገሩ። የሴት ልጃቸውን ወርቅ ሸጠው ነው። ምዝገባውም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄዱ ጉዳይ በነጻ እንደሆነ ሲነገራቸው ቁጭ አሉ፣ ሌላ ቃል አልተናገሩም። አባቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለተናገሩ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ሦስት ሰዎች ለዚያው ዓይነት ደላላ ሊከፍሉ የነበረውን ብር እንዳልሰጡ ነግረውኛል።

የዕድራችን ዳኛ ጋሼ፣ አዳራሹን ያለ ኪራይ ስለፈቀዱልን እድሜ ይስጥልን። ወንድሜ ጠበቃው፣ ሦስት ቅዳሜህን ያለ ምንም ክፍያ ሰጥተኸናል። በትግርኛ፣ በአረብኛና በኦሮምኛ ስታስተረጉሙ የዋላችሁ ልጆች፣ ድምፃችሁ እስኪዘጋ ነው የደከማችሁት። ቡና ያፈላችሁ እትዬዎች፣ ለአቅመ ደካሞች ሂሳብ አልቀበልም ያልከው የባጃጅ ሾፌር፣ ልጅቷን የተቀበለችው መምህርት፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ገለቶማ፣ የቐንየለይ፣ ሹክረን።

ቀጣዩ ቅዳሜም አለ። ቀበሌ መታወቂያ አምጡ ተብሎ የተመለሰ ልጅ በግቢያችሁ ካለ እናቱን ይዛችሁ ኑ። ወንበር ያዋሳችሁን ደግሞ ስድስቱ እኔ ጋ ነው ያሉት፣ ከቅዳሜ በኋላ ራሴ አመጣላችኋለሁ።