ከንድፉ በፊት ላለው ሥራ፦ ለአዲሱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግቢ የድጋፍ ጥሪ

ከታሪካዊው ሕንፃ ጎን ሊሠራ ለታሰበው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። የምንጠይቀው ለግድግዳና ለጣሪያ አይደለም፤ አርኪቴክቱ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ማለቅ ላለበት ምርመራ ነው። ለዚህ ገንዘብ ማሰባሰብ ከባድ እንደሆነ አይጠፋንም። አዳራሽ ያሠራ ሰው ስሙ በእብነ በረድ ይቀረጽለታል፤ ተቆፍሮ፣ ተመርምሮ፣ መልሶ ለሚደፈን ጉድጓድ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም። ይሁን እንጂ በአሮጌ ሕንፃ አጠገብ የሚካሄድ ግንባታ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

ሥራው በልኬት ይጀምራል። ነባሩ ሕንፃ ከውስጥም ከውጭም በሌዘር ስካነር ይለካል፤ ያዘነበለ ግድግዳ፣ የዘቀጠ ወለል፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ በፕላን ላይ ይሰፍራል። በዋና ዋናዎቹ ስንጥቆች ላይ መለኪያ ተተክሎ የስፋታቸው ለውጥ በ0.1 ሚሊ ሜትር ደረጃ ይመዘገባል። ምዝገባው ከቁፋሮው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መቅደም አለበት። ድንጋይና ኖራ በሙቀትና በእርጥበት ይሰፋሉ፣ ይጠብባሉ፤ በዝናብም በደረቅም ወቅት የሚያሳዩት ጠባይ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ኋላ ላይ የሚታየው ለውጥ ከአየሩ ይሁን ከቁፋሮው መለየት አይቻልም። ንባቡም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ የጠዋትና የቀትር ንባብ የተደባለቀበት መዝገብ ለምንም አይጠቅም።

ከዚያ መሬቱ ይመረመራል። የጥንት ግንብ መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፣ ቅርጹም አይታወቅም፤ ስለዚህ ከግድግዳው ሥር በእጅ ቆፍሮ ማየት ግድ ነው። ጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳይሰፋ ይከፈታል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጉድጓዶች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ አፈሩም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይመለሳል። እንዲያው ተገፍቶ የተሞላ ጉድጓድ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃውን ወደ መሠረቱ ይመራል። ራቅ ብሎ ደግሞ በማሽን የሚቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ በየ1.5 ሜትሩ የአፈሩ ጥንካሬ ይለካል፣ የከርሰ ምድር ውሃን ከፍታ የሚያሳይ ቱቦም ይቀበራል።

ስለ ውሃው አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። የአዲሱን ሕንፃ ምድር ቤት፣ ማለትም ከመሬት በታች የሚሠራውን ክፍል፣ ለማድረቅ ውሃ በፓምፕ ሲሳብ፣ በጎረቤቱ ታሪካዊ ሕንፃ ሥር ያለውም ውሃ አብሮ ይወርዳል። ውሃው ይዞት የነበረው ጫና በአፈሩ ላይ ይወድቅና አፈሩ ይታመቃል፤ ሸክላማ ከሆነ ቀስ በቀስ፣ ለዓመታት። ሕንፃው እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ የሚሰምጠው ግን ወደ ቁፋሮው ባለው ጎኑ ነው። ቀላል መፈተኛም አለ፦ ከነባሩ መሠረት ታችኛ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ቁፋሮው የሚወርድ መስመር ይሰመራል፤ ቁፋሮው ያንን መስመር ካቋረጠ መሠረቱ ድጋፍ ያሻዋል። ድጋፉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር በሆኑ ክፍሎች፣ አንዱን እየዘለሉ ይሠራል። ምድር ቤቱን ጥቂት ሜትር ማራቅ ግን ከዚህ ሁሉ ይረክሳል፤ ይህ የሚታወቀው ግን ምርመራው ከንድፉ ከቀደመ ብቻ ነው።

ንዝረትም ገደብ አለው። ዲን 4150-3 የተባለው የጀርመን ደንብ ለንዝረት ስስ ለሆኑ ታሪካዊ ሕንፃዎች፣ ከ10 ኸርዝ (በሰከንድ 10 ንዝረት) በታች፣ በመሠረቱ ላይ የሚለካው የንዝረት ፍጥነት ገደብ በሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያስቀምጣል። በመዶሻ የሚተከል ፓይል (ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ የመሠረት ምሰሶ) በዚህ ርቀት አይታሰብም፤ ተቦርቡሮ ኮንክሪት የሚሞላው ይመረጣል። ሁለቱ ሕንፃዎችም መታሰር የለባቸውም፤ አሮጌው መስመጡን ከጨረሰ ቆይቷል፣ አዲሱ ገና ይጀምራል። ሁለቱን የሚያገናኘው መተላለፊያ ቀላል፣ መገጣጠሚያውም መንቀሳቀሻ ክፍተት ያለው ይሁን። መልኩን በተመለከተ የታሪካዊ ሕንፃዎችን ጥበቃና እድሳት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቬኒስ ቻርተር፣ የግድ የሚጨመር ሥራ ከነባሩ እንዲለይና የራሱን ዘመን ማኅተም እንዲይዝ ይጠይቃል። እኛም አሮጌውን አስመስሎ መገንባትን አንደግፍም።

ሌላው የምርመራው ጥቅም የትኛው ክፍል የት እንደሚውል መወሰኑ ነው። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ የቅርጻ ቅርጽ ክፍል መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ ፎቅ ላይ አይወጣም። የሥዕል ስቱዲዮ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት የተረጋጋ ብርሃን ይፈልጋል፤ ከምድር ወገብ በሰሜን ርቆ መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ በደቡብ ርቆ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ በወገቡ አቅራቢያ ፀሐይ በሁለቱም በኩል ስለምታልፍ ሁለቱም ወገን ጥላ ያሻዋል። የሴራሚክ ምድጃ፣ የእንጨት ሥራና የቀለም መሟሟቻ መጋዘን ከታሪካዊው ሕንፃ እጅግ የራቀውን ጥግ ይይዛሉ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ያለ ክብሪት ራሱ ሊቀጣጠል እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም፤ ማስቀመጫው ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ነው። አርኪቴክቱ ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ የነደፈው፣ በስኮትላንድ የሚገኘው የግላስጎው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል እሳቱ የተዛመተው በአሮጌ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦዎችና ክፍተቶች ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያሉ የተሸሸጉ ክፍተቶች በልኬቱ ውስጥ ገብተው ይመዘገባሉ።

ገንዘብ ስላነሰ ሥራው ይቁም አንልም። ያው የግላስጎው ሕንፃ በሁለት ዙር ነው የተሠራው፦ ከ1897 እስከ 1899፣ ከዚያም ከ1907 እስከ 1909 እ.ኤ.አ.። የሁለተኛው ግማሽ ንድፍ በመካከሉ ተከልሶ፣ ዝነኛው ቤተ መጻሕፍት የተሠራው በዚያ ዙር ነው።

ከገንዘብ ሌላ የቅየሳ ባለሙያ ጊዜ፣ የስካነር ውሰት፣ የሕንፃው የድሮ ፎቶግራፎችና ፕላኖች እጅግ ይጠቅሙናል፤ አሮጌ ፎቶ አንድ ስንጥቅ የቆየ መሆኑን በደቂቃ ያረጋግጣል። ሲሚንቶ ግን ለነባሩ ግድግዳ አንቀበልም፤ እርጥበቱን አፍኖ ጨዉን ወደ ድንጋዩ ይገፋና ድንጋዩ ይላጣል። ለዚያ ኖራ እንፈልጋለን። መዋጮው በተለየ ሒሳብ፣ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ የእያንዳንዱ ምርመራ ውጤት መጥፎም ቢሆን ለሰጪዎች ይላካል። መጀመሪያ የሚገባው ገንዘብ የስንጥቅ መለኪያዎቹንና የውሃ ቱቦዎቹን ይገዛል፤ ዓመት የሚፈጁት እነሱ ናቸውና።