ሂሳብን በጎልማሳነት ስለመማር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሐዋሳ ከተማ በሱቅ ንግድ የምተዳደር ስሆን፣ በወጣትነቴ ያቋረጥኩትን ሂሳብ ማታ ማታ ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ በራሴ እየተማርኩ ነው። ከክፍልፋይ ጀምሬ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው የሂሳብ ሊቅ አል ኽዋሪዝሚ ወደፈታው ጥያቄ ደርሻለሁ፦ የአንድ ቁጥር ካሬ (ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ) የቁጥሩ 10 እጥፍ ሲታከልበት 39 ቢሆን፣ ቁጥሩ ስንት ነው? እርሱ ጎኑ ያልታወቀው ቁጥር የሆነ ካሬ ሥሎ፣ 10ሩን ለሁለት ከፍሎ በሁለቱ ጎኖች ላይ ስፋታቸው 5፣ 5 የሆኑ አራት ማዕዘኖች ይጨምራል፤ የጎደለውን ማዕዘን በ5 × 5 = 25 ሲሞላው ሙሉው ካሬ 39 + 25 = 64 ይሆናል፤ የ64 ሥር (በራሱ ሲባዛ 64 የሚሆነው ቁጥር) 8 ስለሆነ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ ከዚህ የተጨመረው 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። በልጅነቴ ቀመሩን ሸመደድኩ እንጂ ይህን ሥዕል ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ በገባኝ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ስለሚዘጋጁ፣ ቋንቋው ለሚከብደን ጎልማሶች ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ከነአፈታቱ በአማርኛ እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ