የኮምፒዩተር ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ዋና ሥራ አንድ ነው። የቀደሙ የክበቡ አባላት በሲ ቋንቋ የጻፉትን የዘመን መቀየሪያ ፕሮግራም በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ መልሶ መገንባት ነበር። ደሴ ካለው ላባችን ግማሹ ኮምፒዩተር ኡቡንቱ 20.04 (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እትም) እንደያዘ ነው፤ አውቶኮንፉም (ፕሮግራሙን በየማሽኑ ለመገንባት የሚያዘጋጀውን ኮንፊገር የተባለ ስክሪፕት የሚያመነጨው መሣሪያ) 2.69 ነው። ወደ 22.04 ያለፈው ግማሹ ግን 2.71 አለው። ፕሮግራሙ በሁለቱም ላይ መሥራት ስላለበት ፈተናው የመጣው ከዚህ ነው።

2.69 የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ.፣ 2.70 ደግሞ በ2020 መጨረሻ ነው። በመካከል ስምንት ዓመት በማለፉ ብዙ ማክሮዎች (በረጅም ጽሑፍ የሚተኩ አጫጭር ትዕዛዞች) በአንድ ጊዜ "ያረጁ" ተባሉ። ልጆቹ አውቶሪኮንፍን (አውቶኮንፍንና አጋዦቹን በተራ የሚያስነሳውን ትዕዛዝ) ሲያስነሱ ማስጠንቀቂያው ገጹን ሞላው። አብሽሩ ብለን ከላይ ጀምረን አንድ በአንድ አነበብነው።

ለዚህ የተሠራው መሣሪያ አውቶአፕዴት ነው። ያረጀውን ስም በአዲሱ ይተካል፤ ለምሳሌ ኤሲ_ሄልፕ_ስትሪንግን ኤኤስ_ሄልፕ_ስትሪንግ ያደርገዋል፤ ይህኛው በሁለቱም እትሞች ይሠራል። የድሮውን ፋይል በስሙ መጨረሻ የሞገድ ምልክት ጨምሮ ያስቀምጣል። ሁለተኛ ጊዜ ካስነሱት ግን ያ ቅጂ ይሻራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጊት (የፋይል ለውጥ መመዝገቢያ) ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው፦ አውቶአፕዴት ኤሲ_ፕሪሬክን (ቢያንስ የትኛው የአውቶኮንፍ እትም እንደሚያስፈልግ የሚናገረውን መስመር) ወደ 2.71 ከፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ 2.69 ያላቸው ማሽኖች "ከፍ ያለ እትም ያስፈልጋል" ብለው ይቆማሉ። የፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው በዲፍ አይተን መልሰን 2.69 አደረግነው።

ኤሲ_ፕሮግ_ሲሲ_ሲ99 የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ሲ99 የተባለውን የሲ ቋንቋ ደረጃ እንዲቀበል የሚያደርግ ማክሮ ነው። ከ2.70 ወዲህ ሥራው ኮምፓይለሩን ወደሚፈልገው ማክሮ፣ ወደ ኤሲ_ፕሮግ_ሲሲ ስለተጠቃለለ አርጅቷል፤ በ2.69 ላይ ግን ከነጭራሹ ብናወጣው አሮጌ ኮምፓይለር ሲ99ን ላያበራ ይችላል። መፍትሔው ኤም4_ቨርዥን_ፕሪሬክ ነው። ሦስት ነገር ይቀበላል፦ 2.70 የሚለውን ቁጥር፣ እትሙ ያን ያህል ወይም አዲስ ሲሆን የሚጻፈውን አዲሱን ማክሮ፣ አሮጌ ሲሆን የሚጻፈውን የድሮውን። ሁለቱንም ማክሮ በማዕዘን ቅንፍ [ ] መክተት አይረሳ። አዲሶቹ እትሞች በቅንፍ ጉዳይ ከድሮዎቹ ይልቅ ጥብቅ ናቸው።

ብዙ ቀን የወሰደብን ግን የመስኮት ገጽታ ልንጨምር ስንል ያስገባነው ፒኬጂ_ቼክ_ሞጁልስ ነው፤ ይህ የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎች መኖራቸውን የሚያጣራ፣ ከፒኬጂ-ኮንፊግ መሣሪያ ጋር የሚመጣ ማክሮ ነው። ማክሮዎቹን ለአውቶኮንፍ የሚተረጉመው ኤም4 የማያውቀውን ስም አይቃወምም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። በኤሲ_ና በኤኤም_ የሚጀምሩትን አውቶኮንፍ ራሱ ይጠብቃቸዋል፤ ፒኬጂ_ን ግን ፒኬጂ-ኮንፊግ ካልተጫነ የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ አውቶሪኮንፍ ያለ ስህተት ያልቃል፤ ኮንፊገር ሲሮጥ ነው ሼሉ (ትዕዛዝ አስፈጻሚው) "የአገባብ ስህተት" ብሎ የሚቆመው። ምርመራው ቀላል ነው፦ በተወለደው ኮንፊገር ውስጥ ስሙን በግሬፕ (በቃል ፍለጋ ትዕዛዝ) መፈለግ። እንዳለ ከተገኘ አልተተረጎመም ማለት ነው። ፒኬጂ-ኮንፊግን በፍላሽ አምጥተን ጫንን፣ አውቶሪኮንፍን ከነማስገደጃው ደገምን፣ አለፈ።

የሁለቱን ማሽን ኮንፊግ ሄደር (ኮንፊገር ያገኘውን የሚጽፍበትን ፋይል) ጎን ለጎን የማመሳከሩ ሥራ አልተጨረሰም፤ መስከረም ላይ የሚገቡት አባላት ከእሱ ይጀምራሉ።