የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ አንድ ቀለም የጎደለው ስንኝ

"ግጥም መቁጠር ደግሞ ሥራ ነው?" ዘንድሮ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አዎ፣ ሥራ ነው፤ የምንቆጥረው የስንኙን ቀለም ነው፣ ማለትም ቃሉ ሲነበብ አንድ በአንድ የሚመታውን የድምፅ ቁራጭ። ክበባችን በ22 አባላት ጀምሮ በፈተና ሰሞን 14 ቀርቶታል። እነዚያ 14ቱ ግን እስከ መጨረሻው ቆጥረዋል።

ሐሙስ ሐሙስ ተገናኘን። ቤት አመታትን (የስንኝ መድረሻዎች በድምፅ መግጠማቸውን)፣ ሐረግን (የስንኙን ግማሽ)፣ ምጣኔን (የቀለሙን ልክ) አየን። በእያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም ካለ የወል ቤት፣ 5 ካለ ሰንጎ መገን የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው። ይህን በጭብጨባ ለየን። መንዙማ እየሰማ ያደገ የወሎ ልጅ ለጭብጨባ አስተማሪ አይፈልግም፤ እኔ ነኝ የተማርኩት።

ጥር ላይ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወረድን። የሚኒባሱን ኪራይ ከኪሳችን አዋጣን፤ ከክበባት በጀት ስለደረሰን ድርሻ ባልናገር ይሻላል። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ሁላችንም ውሃው ዳር ተቀመጥን። እዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ይህችን አነበበች። እናቷ ዓረብ አገር ናት።

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ውሃውን አየሁት፤
እሷን የወሰደው፣ መስሎኝ ጠላሁት።

ጉልበታችንን እየመታን ቆጠርን። 6፣ 6፣ 6... መጨረሻው 5። እኔም መምህር ነኝና ቶሎ ብዬ፣ "'መስሎኝ ግን ጠላሁት' በይው፣ ይሞላል" አልኳት።

ዓመቱን ሙሉ ከአፉ ቃል ያልወጣ አንድ ልጅ ከኋላ፣ "ቲቸር፣ ተዉት" አለ። "እዚያ ጋ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ከሞላ ይዋሻል።"

ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። "ግን" ቀዳዳ ከመድፈን ሌላ ምንም አትሠራም። ስሜቱ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅም አብዛኞቹ "ሐዘን" ሲሉ እሱ፣ "ኩርፊያ ነው፤ ሐይቁ ምን አደረጋት?" አለ። ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሌላው በአጭሩ፦ ሁለት ስብሰባ በክፍል እጦት ተሰርዟል። ያሰብናት የግጥም መድብል አልወጣችም፤ ወረቀት የለም። የሚኒ ሚዲያው ማጉያም ከኅዳር ጀምሮ ድምፁን እንደዋጠ ነው።

ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ አንድ ካርቶን ወረቀት ይበቃናል። ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አለን። ጭብጨባውን ተከትላችሁ ኑ።