አባዬ፣ ሮም ሄጄ መጣሁ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? የደም ግፊት ኪኒንህንስ እየዋጥክ ነው? አንተ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት ሌላ መልስ ስለሌለህ እውነቱን ወንድሜ ይጻፍልኝ። ዓይንህ እንዳይደክም ደብዳቤውን እሱ ያንብብልህ ብያለሁ።

እኛ ደህና ነን። ትንሹ ልጄ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲያወራ ያፏጫል። ባለፈው «አያቴ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ሙሉውን በአማርኛ ጠየቀኝ። ትልቋ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ትንሽ ነው የቀረው፣ ጫማ ገዝቼላት ሳይከርም ይጠባታል። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ሆናለች፣ አስተማሪዋም በጣም ይወዳታል። ስለ እሷ የምነግርህ ሌላም ነገር አለ፣ ቆይ።

ቅዳሜና እሑድን ሮም አሳለፍኩ። የሻለቃው ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ጋ። ነይ እያለች ስትለምነኝ ሥራ ነው፣ ልጆች ናቸው እያልኩ ስንት ዓመት አለፈ። አሁን ግን ልጆቹን ለአባታቸው ትቼ ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ባቡር ያዝኩ። ልሄድ ነው ብዬ ስደውልልህ ያልከኝን ታስታውሳለህ? «ሐውልቱን ሳታዪ እንዳትመለሺ» አልከኝ። አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶን ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ጋ ሲደርስ እንዴት አፈትልኮ እንደወጣ አጫወትከኝ። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠየቅከኝ። ከዚያ እንደገና «ሐውልቱን ሳታዪ እንዳትመለሺ» አልከኝና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርከው። እሺ አልኩህ። ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ በእትዬ ስም ጠራኸኝ። ለእሱም አቤት አልኩ።

ተርሚኒ የሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሌሊት ሆኗል። ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ አሳየችኝ። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይሉታል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ያን ሁሉ ሰው በየቀኑ በዚያ አደባባይ ሲያልፍ ስንቱ ያውቀው ይሆን? አንተ አብረኸኝ ብትሆን እዚያው አቁመህ ትረካውን ትጀምርልን ነበር።

ጓደኛዬ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፣ የምትኖረውም ከእሷው ጋ ነው። የሴትየዋ ልጅ ፈቅዳልን እኔም እዚያው አደርኩ። ሴትየዋ መርሳት ጀምራለች። ቅዳሜ ጠዋት ሹራቧን ስትለብስ አየኋት። ጓደኛዬ ቁልፎቹን ራሷ እንድትቆልፍ ትተዋታለች። አንዱን ትዘለዋለች፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ አንድ ቁልፍ ያለ ቀዳዳ ይቀርባትና ጨርቁን እየሳበች ትፈልጋለች። ጓደኛዬ አትቆጣም፣ አትቸኩልም፣ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች። «እናቴ የት ሄደች?» አለቻት ሴትየዋ። እኔ ልቤ ቀጥ አለ። ጓደኛዬ ግን «እስቲ ስለ እናትሽ አጫውቺኝ» አለቻት። ሴትየዋ እናቷ ልብስ ስትሰፋ፣ መስኮቱ ከየት በኩል እንደነበር፣ ምን ዓይነት ጨርቅ ትወድ እንደነበር ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችን። የቆየው ነገር አይጠፋባትም አለችኝ ጓደኛዬ፣ የሚጠፋባት የዛሬ ጠዋቱ ነው።

ቀኑን ሙሉ ስጠይቃት ዋልኩ። መጀመሪያ ምን ይታያል? ሲሳሳቱ ማረም ይሻላል ወይስ ዝም? መድኃኒት አለ ወይ? ማታ ሴትየዋ ከተኛች በኋላ ሻይ አፍልታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ማን ነው?» አለችኝ። አባቴ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ጊዜ ነው አባዬ፣ ለባሌ እንኳን አልነገርኩትም።

ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ማንበብህን እንዳታቆም።

የነገረችኝን ልንገርህ። እርጅና ሁሉ መርሳት አይደለም፣ መርሳትም ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ አይደለም። አንዳንዴ የቫይታሚን ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የሚዋጠው መድኃኒት ወይም ድብርትም ያመጣዋል። እሱ ደግሞ በጊዜ ከተያዘ ይታከማል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ። የምትውጣቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዘህ ነው የምትሄደው፣ በቃልህ አይደለም። ወንድሜ አብሮህ ይገባል፣ ውጭ አይጠብቅም። ባለፈው ከገበያ ስትመለስ መንገድ ጠፍቶህ የጎረቤት ልጅ ይዞህ እንደመጣም ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ ብለህ ወንድሜን እንዳትቆጣው። የእሱን ስልክ ቁጥር ጽፈህ ኪስህ ውስጥ አድርገው፣ ምንም አያሳፍርም።

እሑድ የጓደኛዬ ዕረፍት ነበር። አፒያ አንቲካ የሚባለው ጥንታዊ መንገድ ላይ ወሰደችኝ። አበበ በጨለማ በባዶ እግሩ የሮጠበት ነው። አንተ ሁልጊዜ «ድንጋይ ላይ» ስትል እኔ ጠጠር ይመስለኝ ነበር። ጠጠር አይደለም። ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጀርባው ከማርጀቱ የተነሳ የለሰለሰ፣ መሀል መሀሉ ደግሞ ክፍተቱ እግር የሚጠልፍ፣ በቀን ብርሃን ጫማ አድርጌ እንኳን ዓይኔን ከመሬት ማንሳት ፈራሁ። እሱ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ነው የሮጠበት። ከዚያ ወደ ከተማው ተመለስንና ሐውልቱ የነበረበት ቦታ ሄድን። ከእዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አበበ አብሮት ይሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት የሄደው እዚያ ነው። ያልከው ሁሉ ልክ ነው አባዬ፣ አንድም አልሳትክም። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ።

ሐውልቱ ግን የለም። አክሱም ተመልሷል እኮ። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንቶኖቩ የመጀመሪያውን ክፍል ይዞ ሲመጣ እኛን ሁላችንንም ቀስቅሰህ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጥከን አንተ ነህ። በ2000 ዓ.ም. ተመልሶ ሲቆምም ጎረቤቱን ጠርተህ ቡና ያስፈላህ አንተ ነህ። ስልክ ላይ «ሐውልቱን ሳታዪ እንዳትመለሺ» ስትለኝ እንቅልፍ ያሳጣኝ ይህ ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ጓደኛዬ «እስከ ቅስቱ እንሩጥ» አለችኝ። ልጅ ሆነን ያሸነፍኳትን ረስታው አይደለም። እግሬ እምቢ አለኝ። ሌላ ነገር መጣብኝ።

አባዬ፣ ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ዕንባህ በጉንጭህ ሲወርድ አይቻለሁ። «እንዲህ ያለች ልጅ ትውለድ» ብለህ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የስፖርት አስተማሪያችን ቤታችን ድረስ መጥቶ ለውድድር ልውሰዳት ብሎ ለመነህ። ወንበር ስበህ አስቀመጥከው፣ ሻይ አስቀረብክለት፣ ከዚያ «የእኔ ልጅ በቁምጣ አደባባይ አትሮጥም» አልከው። እሱ ሲወጣ የሸራ ጫማዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ከተትክ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅኩህም። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲመጣ የአበበን ታሪክ ስትነግረን እየሰማሁ ዝም አልኩ፣ ስድሳውን ጊዜ ስትደግመው አንድ ቀን እንኳን «እኔስ?» አላልኩህም።

ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ትርፍ ሥራ እየሠራህ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኸኝ አንተ ነህ፣ ዛሬ የምበላው እንጀራ ያንተ ላብ ነው። እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው።

ትልቋ ልጄ ትሮጣለች። ቆይ ያልኩህ እሱን ነው። በትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ ከገባች ቆየች። እንዳልነግርህ ይዞኝ የቆየው ምን ትላት ይሆን የሚለው ፍርሃት ነው። አሁን ግን ሌላ ፍርሃት ይዞኛል። ለምን እንደከለከልከኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰው ምን ይላል ብለህ ነው? አንድ ክፉ ነገር እንዳያገኘኝ ፈርተህ ነው? ወይስ ያኔ ነገሩ እንደዚያ ስለነበር ብቻ? የትኛውም ቢሆን አልቀየምህም፣ ብቻ ከአንተው አፍ ልስማው። ካላስታወስከውም አላስታወስኩም በለኝ፣ እሱም መልስ ነው።

ወንድሜ፣ መልሱን በስልክህ ቅዳልኝ። ጠዋት ይሁን፣ ቁርስ ከበላ በኋላ፣ ሲመሽ ስለሚደክመው። ቀስ ብለህ አንድ በአንድ ጠይቀው፣ እስኪጨርስ አታቋርጠው። ለምርመራው ብር ዓርብ እልካለሁ፣ ቀጠሮውን እንደያዝክ ቀኑን ጻፍልኝ፣ እኔም ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። ልጅቷንም ይዣት ልመጣ አስቤያለሁ። አባዬ፣ ያን ጊዜ የአበበን ታሪክ ለእሷ ትነግራታለህ፣ ከእኔ የሰማችው ጎዶሎ ነው።

ልጅህ