ኅትመት የሚበላሸው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአንባቢያን አስተያየት ገጻችሁ ላይ የድሬዳዋና የሐረር ማተሚያ ቤቶች ሥራ ያበላሻሉ የሚል ቅሬታ ደጋግሞ ይወጣል። ከቅሬታው ጋር የሚሰጠው ምክርም ያው ነው፤ አዲስ አበባ ወስዳችሁ አሳትሙ። በቅድመ ኅትመት ሥራ፣ ማለትም ፋይልን ለማተም በማዘጋጀት ላይ ያለን ሰዎች ይህን ምክር አንቀበለውም። ማተሚያ ቤቶቻችን ጥፋት የለባቸውም ማለታችን አይደለም፤ ያለባቸውን ከታች እንጽፋለን። ነገር ግን ጉድለት ያለበት ፋይል የትም ቢሄድ ጉድለቱን ይዞ ይታተማል። ሥራው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ደግሞ ደንበኛው ናሙናውን በእጁ ይዞ የሚያይበት ዕድል ይቀርበታል። የጥር ሠርግ ካርድና የሰኔ የምረቃ መጽሔት ወረፋ ሳይጀምር አንባቢ ሊያውቃቸው የሚገቡትን እንዘርዝር።

ትልቁ ጣጣ ፊደል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ዛሬም በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ሞልተዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ ነበር። ቦታው ቢበዛ 256 ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዝና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሠሪዎች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት። ሁለቱም በሌሉበት ኮምፒውተር ሰነዱ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ስለሚሆን ስህተቱ ወዲያው ይታያል። የከፋው አንዱ ብቻ ሲኖር ነው። ያኔ ዓረፍተ ነገሩ ደህና ይመስላል፤ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ብቻ ይለወጣል ወይም ይጠፋል፤ የቸኮለ ዓይን ያልፈዋል።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ፎንት ይጻፍ፤ ኖቶ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከአሮጌ ፎንት በመቀየሪያ ፕሮግራም የተገለበጠ ጽሑፍ ከርእሱ እስከ መጨረሻው ነጥብ እንደገና መነበብ አለበት። ካርድ ወይም በራሪ ወረቀት ከሆነ ጽሑፉ ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ቅርጽ፣ ተቀይሮ ይላክ፤ ያኔ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ባይኖረውም ችግር የለም። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ግን አይታረምምና የሚታረመው ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ። መጽሐፍና መጽሔት ሲሆን ከርቭ ማድረግ ፋይሉን ያከብደዋል፤ ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ አካትቶ መላክ ይሻላል።

እኛ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ሐረር ላይም በሐረሪ ቋንቋ ጭምር መውጣቱ የተለመደ ነው። የሠርግ ካርድ ላይ ደግሞ ዐረብኛ ይጨመራል። ዐረብኛው ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ቀኝ ወደ ግራ መጻፍ በማይደግፍ ወይም ባልተስተካከለ ፕሮግራም ላይ ሲለጠፍ ፊደላቱ ተነጣጥለው በተገላቢጦሽ ይደረደራሉ፤ ቋንቋውን የማያውቅ ዲዛይነር ስህተቱ አይታየውም። በኦሮምኛ ሁድሃ የምትባለዋን ምልክት (') አንዳንድ ፕሮግራም በራሱ ወደ ጥቅስ ምልክት ይቀይራታል፤ የሚደጋገም ፊደል ሲጎድልም የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። በእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ አንባቢ ሰው ናሙናውን አንብቦ ይፈርም። አማርኛውን ያረመ ሰው ለሌሎቹም ቋንቋዎች መፈረሙ ተገቢ አይደለም።

የፊደል መጠንም አለ። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል። ከ8 ነጥብ (ፖይንት) ባነሰ መጠን የተጻፈ አማርኛ ላይ የ«ሌ» እና የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ሞልቶ «ሊ» እና «ቢ» ይመስላል። በጠቆረ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ከ10 ነጥብ አይነስ፤ ቀጭን ፎንትም አይመረጥ። የቢዝነስ ካርድ ላይ አድራሻ ለማጨቅ ሲባል ፊደል ማሳነስ ከምናያቸው ስህተቶች በጣም የተለመደው ነው።

ጥቁር ጽሑፍ በአንድ ቀለም፣ ማለትም በመቶ ፐርሰንት ጥቁር ብቻ መሠራት አለበት። ኦፍሴት የሚባለው ማተሚያ ማሽን ባለ ሙሉ ቀለም ሥራን የሚያትመው በአራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ነው፤ ሳያን (ፈካ ያለ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር። ኮምፒውተር ላይ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የተሠራ ጥቁር ወደ ኅትመት ቀለም ሲቀየር በአራቱም ላይ ይከፋፈላል። በፎቶሾፕ ተለምዷዊ ቅንብር 75፣ 68፣ 67 እና 90 ይሆናል፤ ድምሩ 300 በመቶ። አራቱ ፕሌቶች የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ሲዛነፉ በየፊደሉ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። ደንበኛው ማሽኑ አርጅቷል ይላል፤ ጥፋቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ነው። ከዎርድ በቀጥታ የተላከ ሥራ ሁሉ በዚህ መልኩ ይፈተሽ።

የድሬዳዋ አየር ይህን ያባብሰዋል። ከመጠቅለያው ወጥቶ በሙቀትና በደረቅ አየር የዋለ ወረቀት እርጥበቱን ይጥላል፤ ጠርዙ ይቆለመማል፣ መጠኑም ይሸማቀቃል፤ ቀለማቱም ልክ በልክ አይገጥሙም። ወረቀት ራሳችሁ ገዝታችሁ የምታቀርቡ ሰዎች ማሽኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ እሽጉን አትክፈቱት።

ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይታመቃል፤ ረጅሙ ጎን በተለምዶ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያ ፎቶ በጥራት የሚወጣው 11 ሳንቲሜትር እስከማይሞላ ስፋት ብቻ ነው። የመጽሔት ሽፋን ሊሆን አይችልም። እንደ ፋይል ይላክ ወይም በፍላሽ ይምጣ። የድርጅት ዓርማ ደግሞ ከደብዳቤ ራስጌ ላይ በስልክ ተነሥቶ አይመጣም፤ መጀመሪያ የሠራው ሰው የሰጠው የቬክተር ፋይል፣ ማለትም ቢያድግም ጥራቱ የማይቀንሰው በመስመር የተሠራ ፋይል፣ ይፈለግ።

መቁረጫው ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ ወረቀት ደራርቦ ስለሚቆርጥ ከሥር ያለው እስከ አንድ ሚሊሜትር ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም ወይም ፎቶ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ተርፎ ይሠራ፤ ብሊድ የምንለው ይህ ነው። 148 በ210 የሆነው ኤ5 ፋይሉ 154 በ216 ይሆናል፤ 90 በ50 የሆነው የቢዝነስ ካርድ 96 በ56። ጽሑፍ ከመቁረጫው መስመር 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይራቅ። የሠርግ ካርድ ዙሪያውን በቀጭን የወርቅ መስመር ማጠር እዚህ በጣም ይወደዳል፤ መስመሩ ጠርዝ አጠገብ ሲሆን የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ በዓይን ስለሚለይ ካርዱ የተጣመመ ይመስላል። መስመሩን 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ይበቃል።

ኤ4 ወረቀት ለሦስት ሲታጠፍ 297 ሚሊሜትሩ እኩል 99 አይከፈልም። ወደ ውስጥ የሚገባው ክንፍ 97፣ ሁለቱ 100 ይሁኑ፤ አለበለዚያ ክንፉ መታጠፊያው ላይ ይጨማደዳል። በጀርባው ገጽ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በአንደኛው ገጽ ከግራ 97፣ 100፣ 100 ከሆነ በሌላው 100፣ 100፣ 97 ነው።

የምረቃ መጽሔት በሽቦ የሚጠረዝ ከሆነ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። 50 ገጽ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ 48 ወይ 52 ነው። በሙጫ የሚጠረዝ ከሆነ የጀርባውን ውፍረት ማስላት ያስፈልጋል። 80 ግራም ተራ ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ 200 ገጽ፣ ማለትም 100 ቅጠል፣ ወደ 10 ሚሊሜትር ይመጣል። የወረቀቱ ዓይነት በኋላ ከተለወጠ ሽፋኑም እንደገና ይሠራ፤ በጀርባው ላይ ያለው ርእስ ወደ ፊት ገጽ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው። በጥርዙ በኩል 20 ሚሊሜትር ባዶ ይተው፤ ካልሆነ የተመራቂው ፊት ግማሹ መጠረዣው ውስጥ ይገባል።

ለባነር 300 ፒክስል አያስፈልግም። 3 ሜትር በ1 ሜትር ለሆነ ሥራ በእውነተኛ መጠኑ ከ72 እስከ 100 ይበቃል፤ በ300 ከተሠራ ፋይሉ ከአንድ ጊጋባይት ያልፍና ኮምፒውተሩን ያንቀው ይሆናል እንጂ ጥራት አይጨምርም። ለገመድ ቀዳዳና ለእጥፋት ዙሪያውን 7 ሳንቲሜትር ይተው። ፀሐያችን ቢጫውንና ማጀንታውን ቀድማ ታጠፋለች፤ ቀይ የሚሠራው ከሁለቱ ስለሆነ ከቤት ውጭ ለወራት የሚሰቀል ባነር ላይ ዋናውን መልእክት በቀይ ብቻ አትጻፉት።

ትዕዛዝ ሲሰጥ በጽሑፍ ይሁን። ብዛት፣ ተቆርጦ የሚቀረው መጠን፣ የወረቀቱ ዓይነትና ግራም፣ ሁለቱም ገጽ ባለ ቀለም መሆን አለመሆኑ፣ ማጠፍ፣ መጠረዝ ወይም ላሚኔሽን (በስስ ፕላስቲክ መሸፈን)፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መካተቱ፣ የርክክብ ቀን። ኦፍሴት ላይ የፕሌቱና የማሽን ማዘጋጃው ወጪ ለ100ም ለ1000ም ያው ስለሆነ የ500 እና የ1000 ዋጋ ጎን ለጎን ይጠየቅ፤ ለ100 ካርድ ዲጂታል ማተሚያ ይሻላል። አርት ፔፐር፣ ማለትም ላዩ ለስላሳ ሽፋን ያለው ወረቀት፣ ቀለም ቶሎ አይመጥም። ከመቆረጡና ከመታጠፉ በፊት አንድ ቀን ያህል ካልደረቀ ቀለሙ በላዩ ያረፈው ወረቀት ጀርባ ላይ ይታተማል። ዛሬ ፋይል ሰጥቶ ለነገ ጠዋት ማለት ይህን ማዘዝ ነው።

አሁን ወደ ማተሚያ ቤቶቹ እንምጣ። በስልክ የተነሣ ፎቶ ሲመጣ «ችግር የለም፣ እኛ እናስተካክለዋለን» ብሎ ቀብድ መቀበል ደንበኛን ማገልገል አይደለም። በፋይሉ ላይ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ፎንት መቀየርም እንዲሁ። ድሬዳዋ ላይ ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር፣ ሐረር ሸዋ በርም ቢሆን እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት ከላይ የጻፍናቸውን መለኪያዎች በአንድ ገጽ አትሞ ባንኮኒው ላይ ይለጥፍ። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብቻ አሳይቶ ፕሌት አያውጣ፤ የስክሪን ቀለም ከወረቀት ቀለም ይለያልና። በልኩ የታተመ፣ የታጠፈና የተቆረጠ አንድ ናሙና ለደንበኛው ይስጥ፤ ደንበኛው ስሙን፣ ቀኑንና «ይታተም» የሚለውን ጽፎ ይፈርምበት፤ ያ ወረቀት እስከ ርክክቡ ቀን ከሥራው ትዕዛዝ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር
የቅድመ ኅትመት ባለሙያዎች፣ ከድሬዳዋ