የጉማሬውን መጽሐፍ ለልጆች ላደረሳችሁልን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ያበቃን ፈጣሪ ይመስገን። በሥዕል ያዘጋጀነው የጉማሬው ተረት ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር ተመርቆ በልጆች እጅ ገብቷል።

ላልሰማችሁ፣ ተረቱ የእኛ አይደለም። የኬንያ ኪኩዩዎች የሚያወሩት ነው፤ በደቡባዊ አፍሪካም ይነገራል። ጉማሬ ድሮ በየብስ ይኖር ነበር አሉ። ሐሩሩ ሲጠናበት ፈጣሪን፣ በእነሱ አጠራር ንጋይን፣ «ውኃ ውስጥ ልኑር» ብሎ ለመነ። ንጋይ «ዓሦቼን ትፈጅብኛለህ» ቢለው ጉማሬው መሐላ ገባ፦ ቀን ውኃ ውስጥ እውላለሁ፣ ሌሊት ወጥቼ ሣር እግጣለሁ፤ ዓሣ አለመብላቴን እንድታይ አፌን እከፍትልሃለሁ፣ እበቴንም በጅራቴ እበትነዋለሁ፤ አጥንት ካገኘህበት ጠይቀኝ።

ሠዓሊያችን፣ ጉማሬን ከፎቶ አልስልም ብለሽ አባይ ከጣና ከሚወጣበት ዳር ስታመሺ የትንኙን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ። እጅሽ ይባረክ።

የነገደ ወይጦ አባቶች፣ አያቶቻችሁ ጉማሬ አዳኞች ነበሩና ጉማሬ ጆሮና ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል መሬት ላይ በእንጨት እየጫራችሁ አሳይታችሁናል። ደንገሉ ታስሮ ታንኳ እስኪሆን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁናል። ስማችሁ ከሠዓሊዋ ስም ጎን ሰፍሯል፤ ሊሰፍርም ይገባዋል።

የእበቱን ገጽ «ነውር ነው፣ ይውጣ» ያሉን ነበሩ። አፀደ ሕፃናት የምታስተምረው እህታችን ግን ረቂቁን ለልጆቿ አንብባ ስትመለስ «እሱን ካወጣችሁት እኔ የለሁበትም» አለችን። በምረቃው አዳራሹ በሳቅ የተናወጠው እዚያው ገጽ ላይ ነው። (ነውር ያሉንም አብረው ሲስቁ አይተናል።)

የባለ ቀለም ኅትመት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ማተሚያ ቤቱ መሃል ላይ ሲጨምርብን ነገሩ ያለቀለት መስሎን ነበር። የእቁብ ዕጣሽን የለቀቅሽልኝ ጎረቤቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ? መምህራን ባልደረቦቼ፣ ከዚያችው ደመወዛችሁ ቆርሳችኋል። ካርቶኖቹን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ጭኖ ያመጣልን የአይሱዙ ሹፌርማ፣ መንገድ ተዘግቶ ባደረበት ሁሉ «አይዟችሁ፣ ሸራ አልብሼዋለሁ» እያለ ይደውል ነበር። የጭነቱን ሒሳብ ሙሉውን አልቀበልም ማለቱን እዚህ ማውራቴን አይወድልኝም።

አዳራሽ የፈቀዳችሁልን፣ ቡና ያፈላችሁ፣ ወንበር የተሸከማችሁ ወጣቶች፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ። የዘጌ ትምህርት ቤቶች ድርሻ በጀልባ ይሻገራል፤ ጀልባውም በነፃ ተገኝቷል።

«ንጋይ አንድ ቀን አጥንት ቢያገኝስ?» ብለህ የጠየቅኸኝ ልጅ ደግሞ፣ መልስ አጥቼ ነበር። ከሠዓሊዋ ጋር እያሰብንበት ነው።

እግዚአብሔር ይስጥልን።